ለቁጥቋጦ ባል ፍለጋ

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን ጓሮ የገባ ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ጎመኑን ያይና «ጎሽ!» ይላል። ጎንበስ ብሎ ቃሪያውን ይቆጥራል። በሶብላውን በመዳፉ አሽቶ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። ከጤና አዳሙ ሳይጠይቅ ቀንበጥ ይቀነጥስና ኪሱ ይከታል፤ ይሄ ደንብ ስለሆነ አይከፋኝም። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ፣ ከጥጉ ይደርስና ይቆማል።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ዊንተርቤሪ ይባላል።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«መድኃኒት ነው?»

«አይደለም።»

እዚህ ላይ ዝም ይላል። ዝምታው ውስጥ ያለውን ሐሜት በደንብ እሰማዋለሁ። ግን አልፈርድበትም። እኛ ጓሮን የምናውቀው በወጥና በመድኃኒት ነው። የማይቀነጠስ፣ የማይቀቀል፣ ለምች የማይታሽ ተክል ደህናውን ቦታ ይዞ ሲታይ ይከነክናል። የኔው ደግሞ አለመበላቱ ብቻ አይደለም፤ ሰው ፍሬውን ቢውጠው ያስመልሰዋል፣ ሆዱንም ያላላዋል። «ታዲያ ለምን ተከልከው?» ለሚሉኝ መልሴ እንደ ጠያቂው ነው። ለቸኮለ ሰው «ለወፍ ነው» እላለሁ። ጊዜ ላለው ከአሸንዳው እጀምራለሁ።

አሸንዳችን የጣሪያውን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ የሚያፈሰው እዚያ ጥግ ላይ ነው። የሰፈራችን አፈር ቀይ ሸክላ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ውሃውን ይዞ አይለቅም፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ዶማ ይመልሳል። እዚያ የተከልነው ጤና አዳም ሥሩ በሰበሰ። ቃሪያው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ሲሚንቶ አፍስሰን መኪና ማቆሚያ እናድርገው አለች። ይህን የሰሙት፣ አጥር የምንጋራቸው አዛውንት አሜሪካዊ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከአትክልት ጋር ነው የሚነጋገሩት፤ ከሰው ጋር የሚያወሩት ሰውየው ስለ አትክልት ካነሳ ብቻ ነው። በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ ከውሃው ጋር ከምትጣላ ውሃ የሚወድ ትከልበት አሉኝ። ዊንተርቤሪ የሚለውን ስም የሰማሁት ከሳቸው ነው። ከካናዳው ኖቫ ስኮሺያ ጀምሮ እስከ ፍሎሪዳ ድረስ በየረግረጉና በየወንዙ ዳር በራሱ የሚበቅል፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ቢውል ቅር የማይለው የአገሩ ተወላጅ ቁጥቋጦ ነው።

ዘሩ ሆሊ ነው። ፈረንጅ በገና ካርድ ላይ የሚስለው፣ ቅጠሉ እሾሃማና አብረቅራቂ፣ መሐሉ ላይ ቀይ ፍሬ ያለው፣ እሱ ዘመዱ ነው። ያ ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ አያወልቅም፤ ይሄኛው ግን ብርዱ ሲገባ ሙልጭ አድርጎ ያረግፍና ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ፍሬ ብቻ ይቀራል። የሆሊ ቤተሰብ ከ500 በላይ ዓይነት አለው። አርጀንቲናና ፓራጓይ ውስጥ እንደ ሻይ የሚጠጣው ማቴ ከዚያው ነው። በእኛም አገር ደጋ ጫካ ውስጥ በወንዝ ዳር የሚቆመው ምስር ገንፎ የሚባለው ዛፍ ዘመድ ነው፤ ቀይ ፍሬም አለው።

መልኩን ሲነግሩኝ ትዝ አለኝ። ታክሲ በምነዳበት ዘመን ኒው ዮርክ አቬኑን ስመላለስበት ኖሬ፣ አጥሩ ከመንገዱ የሚታየው ናሽናል አርቦሬተም የሚባለው የመንግሥት የዛፍ መናፈሻ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። አንድ ጃንዋሪ ላይ በረዶ ጥሎ ከተማው ጭር አለ፤ ሰው የለም፤ ዝም ብዬ ገባሁ። ሁሉም ነገር አመድማ በሆነበት ቀን፣ አንድ ጥግ ላይ ቅጠል የሌላቸው ቁጥቋጦዎች ከላይ እስከ ታች በቀይ ፍሬ ተሞልተው፣ በየቅርንጫፉ በረዶ ተቀምጦባቸው አየሁ። የታክሲ ሰው ነኝና ሞተሩን ሳላጠፋ ነው ያየሁት። ግን አልረሳሁትም።

ያልረሳሁበት ምክንያት ደግሞ ገና ነው። እዚህ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። የፈረንጁ ዲሴምበር 25 ይውላል፤ የእኛ ታኅሣሥ 29 ነው፣ በእነሱ ጃንዋሪ 7። መሐሉ 13 ቀን ነው። በዚህ 13 ቀን ውስጥ አገሩ በዓሉን ጠቅልሎ ይጥላል። መብራቱ ይወርዳል፤ የገና ዛፉ የቆሻሻ መኪና መንገድ ዳር ተጋድሞ ይጠብቃል። ለኪስ ጥሩ ነው፤ ጌጡን በግማሽ ዋጋ የማይገዛ ሐበሻ የለም። ለዓይን ግን ችግር ነው። ልጆች ከቤተ ክርስቲያን ሌሊት ደክሟቸው ሲመለሱ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነው፤ «ገና አልፏል እኮ!» ይሉሃል። እኔ የፈለግሁት ከፈረንጁ ገና አልፎ እስከ እኛው ድረስ የሚቆይ አንድ ቀይ ነገር ነበር። ጎረቤቴ፣ ፍሬው ወፍ ካልቀደመው እስከ ፌብሩዋሪ ይቆያል አሉኝ። «ካልቀደመው» የምትለዋን እንደ ዋዛ ነው የተናገሯት።

ችግኙን የገዛሁት ከአንድ ትልቅ አትክልት መሸጫ ነው። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ካርድ «ዊንተር ሬድ» ይላል፤ ሥዕሉ ላይ ቅርንጫፉ ፍሬውን መሸከም አቅቶታል። ሻጩ ልጅ ውሃ አጠጣው አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም። በመጀመሪያው መኸር፣ ውርጭ በመታው ማግሥት፣ ቅጠሉ ሁሉ በአንድ ሌሊት ከሰል መሰለ። ሌላው የሰፈሩ ዛፍ ወርቅና ብርቱካን ሲለብስ የኛው ጥቁር ለበሰ። ባለቤቴ በመስኮት አይታ «ለቅሶ ቤት አስመሰልከን» አለች። ጠባዩ ነው ለካ፤ ከውርጭ በኋላ መጥቆር ያለ ነገር ነው። ይህን የነገሩኝ እኚያው አዛውንት ናቸው፤ መጥረቢያው እጄ ላይ ነበር ማለት ግን አይቻልም፤ መጥረቢያውን የያዘችው ባለቤቴ ናት።

በዚያው ሰሞን እማማ መጡ። የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን፣ በርበሬና ድርቆሽ በሻንጣ ሞልተው። ለሦስት ወር ነበር የመጡት፤ እነሆ የጓሮው ባለሥልጣን እሳቸው ናቸው። ገና በመጡ በሳምንቱ ጥጉ ጋ ደርሰው ያንን የታወቀ ጥያቄ ጠየቁኝ። «አይበላም» ስላቸው፣ «ይሁን፣ ማየትም ምግብ ነው» አሉኝ። ወዲያው ወደድኳቸው።

ሰኔ ላይ አበበ። አበባው ነጭ፣ ደቃቃ፣ ቅጠሉ ብብት ውስጥ የተሸጎጠ ነው፤ ካልፈለጉት አይታይም። እኛ ፍሬ ጠበቅን። ሐምሌ ሄደ፣ ነሐሴ ሄደ፣ ቅጠሉ ጠቁሮ ረገፈ። የቀረው ባዶ እንጨት ነው። አዛውንቱን ጠርቼ ካርዱ ላይ ያለውን ሥዕልና የኔን እንጨት አሳየኋቸው። ግራ ቀኝ ተመለከቱና «ወንዱ የታለ?» አሉኝ።

ተክሉ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው። ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት፤ ወንዱ አበባና ዱቄት ብቻ ነው ያለው። በአሥራ አምስት ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ አንድ ወንድ ካለ እስከ አሥር ሴት ይበቃል፤ ከሌለ ግን ሴቷ ብታብብም ባዶዋን ትከርማለች። ሻጩ ይህን ለገዢ አለመንገሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አንዲት ጫማ ነጥሎ መሸጥ ምን ልዩነት አለው?

እንግሊዝኛውን ለእማማ ተረጎምኩላቸው። አልገረማቸውም። «ታዲያስ! ኮሶስ ወንድና ሴት አይደለም እንዴ? አበባዋ ቀላ ያለችው ሴቲቱ ናት፤ የምትጠጣውም እሷ ናት። ጽድም እንደዚያው ነው። አንተ ልጅቷን ያለ ባል አስቀምጠህ ውለጂ ትላለህ?» ከዚያች ቀን ጀምሮ ቁጥቋጦው «ልጅቷ» ተባለ። የቤቱ ሰው ሁሉ ተቀበለው፤ እኔም ጭምር። «ለመሆኑ የማን ዘር ናት?» አሉኝ። ካነበብኩት፣ ዊንተር ሬድ ኢንዲያና ውስጥ ቪንሴንስ ከምትባል ከተማ፣ ከሲምፕሰን ችግኝ ጣቢያ የወጣች ናት አልኳቸው። «ባላገር ናት በለኛ፤ ደግ። ባሉ ግን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር።»

ወደዚያው መሸጫ ሄድኩ። ልጁ «ወንድ ከፈለግክ ይኸው» ብሎ ጂም ዳንዲ የሚባል ሰጠኝ። ለዊንተር ሬድ ይሆናል ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ፤ ወንድ ወንድ ነው አለኝ። አዛውንቱ ያኔ ልጃቸው ጋ ሄደው አልነበሩም። ተከልነው። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጠጋ ብሎ የቆመ፣ ትሑት መሳይ ነገር ነው። እማማ ዙሪያውን አይተው «አጠር ይላል፤ ግን ሥራ የሚወድ ይመስላል» አሉ።

በዚያ ሰኔ ያደረግነውን ነገር የፖስታ ልጅቷ አትረሳውም። እማማ ዳዊት የሚደግሙበት አጉሊ መነጽር አላቸው። እሱን ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቁጥቋጦው ሥር ቁጭ አሉ። እኔ ቅርንጫፉን አጎንብሼ እይዛለሁ፣ እሳቸው አበባ ይመረምራሉ። የሴቷ አበባ መሐል ላይ አረንጓዴ ደቃቃ ክብ ነገር አለ፣ ፍሬ የሚሆነው እሱ ነው። የወንዱ መሐሉ ባዶ ሆኖ ዙሪያውን ቢጫ ዱቄት ያዘሉ ክሮች ይቆማሉ። ይህን ልዩነት ያለ መጽሐፍ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ከዚያም ሌላ ነገር አገኙ። ልጅቷ ገና እንቡጥ ስትሆን ጂም ዳንዲ በአበባ ተሞልቶ ንብ ይተራመስበታል። ልጅቷ ስትፈካ የሱ አበባ መሬት ላይ ነው። እማማ መነጽሩን አጥፈው ወደ ማኅደሩ መለሱና «ሙሽራው ሠርጉን በልቶ ከሄደ በኋላ ነው ሙሽሪት የመጣችው» አሉ።

ለካ ወንዶቹም ቀዳሚና ዘግይቶ አባቢ አላቸው። ጂም ዳንዲ ቀዳሚ ነው፤ የሚስማማው ሬድ ስፕራይት ከምትባለው ድንክዬ ጋር ነው። ለዊንተር ሬድ የሚሆነው ዘግይቶ የሚያብበው ሳውዘርን ጄንትልማን ነው። ናሽናል አርቦሬተም ራሱ በ1973 የጃፓኑን ዘመድና የአሜሪካውን አዳቅሎ ስፓርክልቤሪ የምትባል ሴት ለቅቆ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አፖሎ የሚባለውን ወንድ አስከትሎላታል። መንግሥት ለቁጥቋጦ ባል በሚያዘጋጅበት አገር እኔ በአንድ ልጅ «ወንድ ወንድ ነው» ተሸኘሁ። ያን ዓመት ያገኘነው ሁለቱ አበቦች በተገናኙባት ጥቂት ቀን የተያዘች፣ በጣት የምትቆጠር ፍሬ ናት። እማማ «ጀምራለች» ብለው እልል አሉ።

ሳውዘርን ጄንትልማን በሰፈሩ መሸጫ ስለሌለ በፖስታ መጣ። ሣጥኑ ትልቅ ነው፤ ውስጡ ያለው አንድ ቀጭን በትር ነው። የባለቤቴ ወንድም ከአሌክሳንድሪያ መጥቶ ነበር። በትሩን አንስቶ አየና «ለዚህ ነው ገንዘብ የከፈልከው? ይሄ እኮ የከብት መንጃ ነው» አለ። ወንድምየው እንዲህ ነው፤ ያልገባውን ነገር ሁሉ ይሰድበዋል፣ ከዚያ ሊያስተካክለው ይነሳል። ይህን ያዙልኝ።

በትሩ ሥር እስኪይዝ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ የቀረበት ጊዜ ነበር። ይሄ ተክል ጎምዛዛ አፈር ነው የሚወደው፤ ከቤቱ የሲሚንቶ መሠረት አጠገብ ሲሆን ኖራው አፈሩን ያበላሽበታል። ድኝ ነስንሼ ራቅ አድርጌ ተከልኩት። እማማ በበኩላቸው የቡና አተላ በየቀኑ ያፈሱለት ነበር። አንዴ የፈላ ቡና አተላው እምብዛም ጎምዛዛ አይደለም፤ ይህን ግን ለሳቸው የሚነግራቸው ሌላ ሰው ይፈለግ። እስከ ዛሬ ልጁን ያዳነው የአቦል አተላ ነው ይላሉ።

ሆነ። በስተመጨረሻ ሁለቱ በአንድ ሳምንት አበቡ። ንቦቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለሱ እማማ ወንበር አውጥተው ቡናቸውን እዚያ ጠጡ። ሐምሌ ላይ በየብብቱ አረንጓዴ ጨሌ ታየ፤ መስከረም ላይ ቀላ፤ ቅጠሉ ጠቁሮ ሲረግፍ ከሥሩ የወጣው ቀይ የመሸጫውን ካርድ አስናቀ። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች መኪና አቁመው ፎቶ ያነሱ ነበር። ባለቤቴ የመኪና ማቆሚያውን ነገር ረስታ «ያኔም ትከል ብዬው» እያለች ለሰው ስታወራ ሰማኋት። ዝም አልኩ። ትዳር ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት የወፎቹን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የፍሬው ስብ አነስተኛ ስለሆነ ወፎች መጀመሪያ አይነኩትም፤ የተሻለውን ከየቦታው በልተው ሲጨርሱ ነው ወደሱ የሚመጡት። ውርጭ እየመታው፣ እየቀለጠ፣ ደጋግሞ ሲለሰልስ ደግሞ ይጣፍጣቸዋል። በዚያ ላይ አንዲት ሞኪንግበርድ ነበረችን፤ ግራጫ፣ ጅራተ ረጅም፣ የሌላውን ወፍ ሁሉ ድምፅ የምታስመስል። ይቺ ወፍ በብርድ ወቅት ፍሬ ያለበትን ዛፍ የግሏ አድርጋ ትጠብቃለች። የመጣውን ወፍ፣ ድመትን፣ አንዴም ወንድምየውን በክንፏ እየመታች ታባርር ነበር። እሷ ቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ነው የምትበላው። እማማ «ዘበኛ ያለ ደመወዝ ተገኘ» ብለው ተማመኑባት። የፈረንጁ ገና አለፈ፤ ፍሬው አለ። አዲሱ ዓመታቸው ገባ፤ ፍሬው አለ። ገና ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት በረዶው ቀልጦ ፀሐይ ወጣ፤ ቅዳሜ ነበር፤ ወንድምየው አዲስ ነጭ መኪና ገዝቶ ሊያሳየን መጣና ከጥጉ አጠገብ፣ ከልጅቷ ጎን አቆመ።

ከእኩለ ቀን በኋላ ነው የመጡት። መጀመሪያ ሮቢኖች፣ ደረታቸው እንደ ሸክላ የቀላ፣ ሃያ ሠላሳ አይደለም፣ ሰማዩን ያጠቆረ መንጋ። ከነሱ ጋር ዋክስዊንግ የሚባሉት፣ ዓይናቸው ላይ ጥቁር ጭምብል ያላቸው ወፎች። ሞኪንግበርዷ መዋጋቷን አላቆመችም፤ አንዱን ስታባርር አሥሩ ይሰፍራል፤ በመጨረሻ አሸንዳው ላይ ቁጭ ብላ መጮህ ብቻ ሆነ ሥራዋ። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ልጅቷ ባዶዋን ቀረች። የበሉትን ደግሞ ወዲያው ይጥሉታል። ወንድምየው ሲወጣ ነጭ መኪናው ቀይና ሐምራዊ ተቀብቶ ነበር። እማማ ጥቂት አዩና «ይደርቅና ይለቅልሃል» አሉት። አልለቀቀም።

በዓመቱ መረብ ገዛሁ። ሳለብሰው እማማ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። «ፈጣሪ ለወፍ ያዘጋጀውን አንተ ልትቆልፍ ነው?» አሉ። የገና ጉዳይ መሆኑን አስረዳኋቸው። «ገናስ የማን ሆነና!» እዚህ ላይ መልስ የለኝም። በሁለተኛው ቀን አንድ ትንሽ ወፍ እግሩ መረቡ ውስጥ ተቆላልፎ ተገኘ፤ በመቀስ አስለቀቅነው፤ መረቡን እኔው ራሴ ጠቅልዬ ጣልኩት። ወፎቹ ያን ዓመትም በጊዜያቸው መጡ።

ለፋሲካ ወንድምየው መጣ። በግ ያርድልናል ስንል የኤሌክትሪክ አጥር መቁረጫውን ይዞ ነው የመጣው። እኛ ቤተ ክርስቲያን አድረን ተኝተናል። ጓሮውን «ላስተካክልላችሁ» ብሎ ጎመኑን አስተካከለ፣ ልጅቷን እንደ ኳስ አድርጎ ከረከመ፣ ከጎኗ የቆመውን ሳውዘርን ጄንትልማንን ከሥሩ ቆረጠ። ለምን? «ምንም አያፈራም እኮ! ቦታ ይዞ ነው የቆመው፤ ሌላኛዋን ፀሐይ ከለከላት።» እማማን በሕይወቴ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። «አንተ ራስህ ምን አፈራህ? አንተስ ቦታ ይዘህ አይደል የቆምከው?» ሚስቱ ባለችበት። የበዓሉ ዶሮ በጸጥታ ተበላ።

ደግነቱ ይሄ ተክል ከሥሩ ሲቆርጡት ይመለሳል፤ ረግረግ ውስጥ የኖረ ስለሆነ መከራ ይችላል። ያን ዓመት ግን አላበበም፤ የልጅቷ ፍሬ ከጂም ዳንዲ የተረፈችው ጥቂት ብቻ ሆነች። ያን ክረምት እማማ ጂም ዳንዲን ያመሰግኑት ነበር፤ «ከመቅረት መዘግየት ሲባል፣ ይሄ ከመቅረት መቅደም ነው» እያሉ።

የወፉን ነገር የፈታልኝ አዛውንቱ ናቸው። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ ወፎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ሦስት አራት ያረጁ ቅርንጫፎችን ከሥር ቁረጥና ቀዝቃዛ ጋራዥ ውስጥ አቁማቸው አሉኝ። ውሃም አይፈልጉም፤ ፍሬው ቅርንጫፉ ላይ እንደተጣበቀ ሳምንታት ይቆያል። የአበባ ገበሬዎች በዲሴምበር ገበያ ላይ በነጠላ እንጨት የሚሸጡት ይህንኑ ነው። የቀረውን ለወፍ ተውለት። በዚያው ወግ መሐል፣ ያገሩ ነባር ሕዝቦች ቅርፊቱን ለትኩሳት ያፈሉት እንደነበር አነሱ። ይህን ለእማማ መተርጎም አልነበረብኝም፤ ግን ተረጎምኩት። «አላልኩም! መድኃኒት ነው!» አሁን ጓሯችንን ለሚጎበኝ ሁሉ የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው፤ እኔ «አይደለም» ስል «ዝም በለው፣ አያውቅም» ይላሉ።

ለገና ዋዜማ ቅርንጫፎቹን እንስራ ውስጥ አቆምን፤ ከሥሩ ቄጤማ ጎዘጎዝን። ቤቱ ቀይ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ እማማ እያንዳንዱን «እንኳን አደረሰህ» ብለው አንዳንድ ዘንግ ያስይዙታል፤ የቤተ ክርስቲያን እናቶችም በነጠላቸው ሸፍነው ወሰዱ። መሐል ላይ አንዲት የዘመድ ሕፃን ጠፋች፤ ስትገኝ ከሶፋው ጀርባ መዳፏ በቀይ ፍሬ ተሞልቶ ነው። ቤቱ ተናጋ። አንዱ ወተት አምጡ አለ፣ አንዱ ወደ መርዝ መረጃው ስልክ ደወለ፣ ባለቤቴ ወደኔ ዞራ ያላለችኝ የለም። ሕፃኗ ግን አልበላችውም፤ ለአሻንጉሊቷ ምስር ወጥ እየሠራች ነበር። ድስቱ ውስጥ ያለው ተቆጥሮ ከተደፋ በኋላ ነው ዶሮው የቀረበው።

አሁን ወደ ወንድምየው ልመለስ። እናቱ ሲያወድሷት፣ ሰው በፎቶ ሲያነሳት አይቶ፣ ልጅቷን ተመኛት። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሚኖርበት ሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር አለው፤ በር ላይ ከሁለት ቁጥቋጦ በላይ አይፈቅድም። እሱ ታዲያ ሁለቱንም ሴት አድርጎ ተከለ። «ወንዱ አያምርም፣ ቦታ አላባክንለትም» አለ። ሰኔ ሲደርስ ደወለ። አንተ ጋ ወንድ አለ አይደል፣ ላክልኝ አለኝ።

መፍትሔ አለው፤ አዛውንቱ ነግረውኛል። ያበበ የወንድ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በባልዲ ውሃ ከሴቷ አጠገብ ቢቆም ንቦቹ የቀረውን ይጨርሱታል። ሳውዘርን ጄንትልማን አገግሞ ሙሉ አበባ ላይ ነበር። ማለዳ ቆርጠን ባልዲ ውስጥ አደረግነው፣ ባልዲውን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠን ቀበቶ አሰርንለት። እማማ ከጎኑ ተቀመጡ፣ በአንድ እጃቸው ባልዲውን፣ በአንድ እጃቸው በኮባ የጠቀለሉትን ድፎ ዳቦ ይዘው። ነፋስ አበባውን እንዳያረግፍ መስኮት አይከፈትም ተባለ።

ቤልትዌይ ላይ ወጣን። 495 እንደ ልማዱ ቆሟል። መኪናው ውስጥ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ከቅርንጫፉ መሐል አንድ ድምፅ ተነሳ። ትልቅ፣ ጸጉራም ንብ፣ ከአበባው ጋር ተቆርጣ የመጣች። በመጀመሪያ መስታወቱ ላይ፣ ከዚያ ከጆሮዬ ጀርባ። ጋዜጣ አንስቼ ነበር።

«እንዳትነካት!» አሉ እማማ። «ሽማግሌዋ እሷ አይደለችም እንዴ?»

ስለዚህ ቀጥ ብዬ፣ አንገቴን ሳላዞር፣ በሰዓት አሥር ማይል ነዳሁ። ዊልሰን ድልድይ ጋ ስንደርስ ስልኩ ጮኸ። ወንድምየው ነው። የት ደረሳችሁ አለ። ፖቶማክ ላይ ነን አልኩት። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ ንቧ ትከሻዬ ላይ እንዳለች፣ «ለመሆኑ የሴቶቹ ስም ማን ነው?» አልኩት።

ካርዱን ሊያይ ወጣ። ተመለሰ። «ሁለቱም ሬድ ስፕራይት።»

«አብበዋል?»

«አብበው ነበር። አሁን እኮ ረግፏል።»

ከኋላዬ ጸጥታ ሆነ። እማማ ሰምተዋል። መመለሻ ፈልጌ በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ፣ እሳቸው ባልዲውን ለቀው ድፎውን በሁለት እጃቸው አቀፉት።

«ቀጥል» አሉ። «ሠርጉ ቢቀር ምሳው አይቀርም።»

ደርሰን በሩን ስንከፍት ንቧ ቀድማን ወረደች። ማታ ስንመለስ አልመጣችም፤ አሌክሳንድሪያ ቀረች። ወንድምየው ከሁለቱ ቁጥቋጦ አንዱን ነቅሎ ጂም ዳንዲ ሊተክል ቃል ገብቷል፤ ማኅበሩን ግን ገና አላስፈቀደም።